ከኤች-ኢንዴክስ በፊት ስማችሁን አጣሩ

የዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ ለደረጃ እድገት ፋይል ስታዘጋጁ «ስንት ጊዜ ተጠቀሳችሁ?»፣ ማለትም ሌሎች ጽሑፎች የእናንተን ሥራ ስንት ጊዜ ጠቀሱ፣ መባሉ አይቀርም። የምርምር ጽሑፍ መፈለጊያው ጉግል ስኮላር ላይ ፕሮፋይል ከከፈታችሁ ቁጥሩ እዚያው አለ። ግን ቆይ! የእኛ አገር ስም መከራ ነው፦ አንዱ ጆርናል የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይወስዳል፣ ሌላው የራስን፣ «ፀሐይ»ን በላቲን ስንጽፍ ደግሞ ዛሬ በሁለት ፊደል ነገ በአንድ እንጀምራለን፣ እና የአንድ ሰው ሥራ ሦስት ቦታ ተበትኖ ይቀራል። መፍትሔው ኦርኪድ (ORCID) የሚባለው የተመራማሪዎች መለያ ቁጥር ነው። በነፃ ተመዝግባችሁ ባለ 16 አኃዝ መለያ ታገኛላችሁ፤ ጽሑፍ በላካችሁ ቁጥር አስገቡት። ስኮላር ፕሮፋይላችሁ ውስጥ የሌላ ሰው ጽሑፍ ከገባ ሰርዙት፣ ያሳፍራል።

ኤች-ኢንዴክስን፣ ማለትም የጽሑፎቻችሁን ብዛትና የተጠቀሱበትን መጠን በአንድ ቁጥር የሚያሳየውን መለኪያ፣ የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ እ.ኤ.አ. በ2005 ያመጣው ነው። ጽሑፎቻችሁን በጥቅስ ብዛት ደርድሩ፦ 40፣ 12፣ 6፣ 4፣ 2። አራተኛው 4 ሞልቷል፣ አምስተኛው 5 አልሞላም። ስለዚህ ኤች-ኢንዴክሳችሁ 4 ነው። የመጀመሪያው 400 ቢሆንም ያው 4! የመጠቃቀስ ልማዱ ከዘርፍ ዘርፍ ስለሚለያይ ግን የሕክምና መምህርን ከታሪክ መምህር ጋር በዚህ ማወዳደር ቀልድ ነው።

የተመራማሪዎችን ትብብር ለማየት ቪኦኤስቪወር የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ። ስኮፐስ ከሚባለው የምርምር ጽሑፎች የመረጃ ቋት ያወረዳችሁትን ፋይል ስትሰጡት ማን ከማን ጋር እንደጻፈ በክብና በመስመር ይስላል፤ መስመሩ ከወፈረ ብዙ አብረው ጽፈዋል ማለት ነው። እኔ ቶሎ የምፈልገው ሁለት የተራራቁ ስብስቦችን የሚያገናኘውን ሰው ነው፣ ለምሳሌ የጎንደር ዩኒቨርሲቲን ማራኪ ግቢ ከሕክምና ኮሌጁ ጋር። እሱን ሰው ቡና ጋብዙት።