ነጻ የኦንላይን መጻፊያ ልትመርጡ ነው? መጀመሪያ መውጫውን እዩ

ስድስት ኪሎ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የህትመት ሱቅ አለኝ። ሰው ወደ እኔ የሚመጣው ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ነው፤ ለፕሪንት፣ ለጥረዛ፣ ለኮፒ። ስለዚህ መጻፊያዎቹን የማውቃቸው በጓሮ በር በኩል ነው። ማስታወቂያቸው ምን እንደሚል ሳይሆን ጽሑፉ ከውስጣቸው ሲወጣ ምን ሆኖ እንደሚወጣ አያለሁ። የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ሲደርስ "ኧረ ስልኬ ላይ ልክ ነበር!" የሚል ተማሪ አይጠፋም። ልክ ነው፣ ስልኩ ላይ ልክ ነበር።

"የትኛውን ልጠቀም?" ሲሉኝ መልሼ እጠይቃለሁ። ጽሑፉን መጨረሻ ላይ የሚከፍተው ማነው? አማካሪ መምህራችሁ በወርድ ከፍቶ የሚያርም ከሆነ ዶክኤክስ (የወርድ ዓይነት) ፋይል በደህና የሚያወጣ ያስፈልጋችኋል። ለመሥሪያ ቤት ወይም ለህትመት ከሆነ ፒዲኤፍ። የእድር ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ከሆነ ደግሞ ሁሉም በየስልኩ የሚከፍተው ሊንክ ይበቃል። ይህን ሳትመልሱ መጻፊያ አትምረጡ። ሌላው ነገር ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው።

በነጻ ከሚገኙት ውስጥ ሱቄ ውስጥ በብዛት የማየው ጎግል ዶክስን ነው። ጂሜይል ያለው ሰው ሁሉ በእጁ አለ። ቀጥሎ የማይክሮሶፍት ወርድ የኦንላይን ቅጂ። ብዙ ሰው ወርድ የግድ የሚገዛ ይመስለዋል፤ በብሮውዘር የሚከፈተው ግን የማይክሮሶፍት አካውንት ላለው ነጻ ነው፣ 5 ጊጋባይት ማስቀመጫም አብሮ ይሰጣል። ዞሆ ራይተርም አለ፤ የህንድ ኩባንያ ሥራ ነው፣ ገጹ ንጹህ ነው፣ ግን አብሯችሁ የሚጽፈው ሰው ካልለመደው ብቻችሁን ትቀራላችሁ።

አሁን ዋናው ነገር፣ ፈተናው። ምንም ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ገጽ የሙከራ ጽሑፍ አዘጋጁ። "ሰላም ነው" ብላችሁ ጽፋችሁ "አማርኛ ይሠራል" አትበሉ። ሏ፣ ቧ፣ ጿ፣ ኳ፣ ቈ፣ ኰ ይግቡበት። አራት ነጥብ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ድርብ ሰረዝ ይግቡበት። አንድ ርዕስ በደማቅ፣ አንድ ባለ ሦስት ዓምድ ሠንጠረዥ፣ አንድ የግርጌ ማስታወሻ፣ የገጽ ቁጥር። ከዚያ በሁለት መልክ አውርዱት፣ በዶክኤክስና በፒዲኤፍ። ዶክኤክሱን በሌላ ሰው ኮምፒውተር ክፈቱት። የራሳችሁ ላይ መክፈት ፈተና አይደለም። ሳጥን ሳጥን የሆነ ፊደል ካለ፣ ሠንጠረዡ ከገጹ ከወጣ፣ ርዕሱ ብቻውን ገጽ ግርጌ ላይ ከቀረ፣ አሁን በአንድ ገጽ ማወቃችሁ በመቶ ገጽ ከማወቅ ይሻላል።

ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የመጻፊያው ሳይሆን የፎንቱ፣ የፊደሉ ቅርጽ የሚመጣበት ፋይል ነው። ኤሪያል ወይም ታይምስ ኒው ሮማን መርጣችሁ አማርኛ ስትጽፉ፣ እነዚህ ፎንቶች የግዕዝ ፊደል የላቸውም። ኮምፒውተሩ ዝም ብሎ ከሌላ ፎንት ይተካላችኋል። ዊንዶውስ ከሆነ ኒያላ ወይም ኤብሪማ፣ ማክ ከሆነ ኬፋ፣ ስልክ ከሆነ ሌላ። የእያንዳንዱ ስፋት ይለያያል። እኔ ጋ ሲከፈት ገጹ ይንሸራተታል፣ በእጅ የተጻፈው ማውጫ "ምዕራፍ አራት ገጽ 43" ይላል፣ ምዕራፉ ግን 46 ላይ ተቀምጧል። ስለዚህ የግዕዝ ፎንቱን ራሳችሁ ምረጡ። ጎግል ዶክስ ላይ ከፎንት ዝርዝሩ አናት "ተጨማሪ ፎንቶች" የሚለውን ነክታችሁ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ፈልጉ። አቢሲኒካም አለ፣ መልኩ ያምራል፣ ለዋናው ጽሑፍ እወደዋለሁ። ግን የራሱ ደማቅ ፊደል የለውም። ኒያላም የለውም። ስታደምቁት ፕሮግራሙ ፊደሉን በግድ ያወፍረዋል፣ ፎቶኮፒ ሲደረግ ደግሞ የ"ጭ" እና የ"ጩ" ልዩነት ይጠፋል። ኖቶዎቹ የራሳቸው ደማቅ ስላላቸው ለርዕስ እነሱን ተጠቀሙ።

ፎንቱን ካስተካከላችሁ የወረቀቱን መጠን እዩ። ይህን ማንም አይናገርም። አካውንታችሁ በአሜሪካ አቀማመጥ ከሆነ አዲስ ገጽ ሲከፈት "ሌተር" የሚባለው መጠን ላይ ይሆናል። እኛ የምናትመው በኤፎር ነው። ዋሽንግተን ያለ ዘመድ ጀምሮት እዚህ ያለው የሚጨርሰው የቤተሰብ ሰነድ ሁሌ እንዲህ ሆኖ ነው የሚመጣው። ሌተር ወደ ጎን ሰፋ፣ ቁመቱ አጠር ይላል፤ ኤፎር ላይ ሲታተም ወይ ዳር ዳሩ ይቆረጣል ወይ ገጹ ይቀያየራል። ከፋይል ሜኑ የገጽ ቅንብር ውስጥ ገብታችሁ ኤፎር አድርጉትና እንደ መነሻ አስቀምጡት። አንዴ ነው።

አራት ነጥብ ከቃሉ ጋር ይጣበቅ። በፊቱ ባዶ ቦታ ከተዋችሁ መስመር ሲሞላ ነጥቡ ብቻውን ወርዶ ቀጣዩ መስመር ራስ ላይ ይቀመጣል። ሁለት የእንግሊዝኛ ኮሎን እየደረደራችሁ አራት ነጥብ የምትሠሩም ተዉት፤ ሌላ ቀን ፈልጎ መተካት ሲያምራችሁ ያስለቅሳችኋል። ኮምፒውተር ላይ ለመጻፍ ኪማን የሚባለው የኪቦርድ ፕሮግራም ነጻ ነው፤ አዳዲሶቹ ዊንዶውሶችም የራሳቸው የአማርኛ ኪቦርድ አላቸው። ስልክ ላይ የጎግል ኪቦርድ፣ ጂቦርድ፣ ይበቃል። ኪቦርድ ለማይወዱ ትልልቅ ሰዎች ደግሞ ጎግል ዶክስ በክሮም ሲከፈት በድምጽ አማርኛ ይጽፋል። ቀስ ብሎ ለሚናገር ሰው ደህና ይሠራል፣ ነጥቡን ግን በእጅ ታስገባላችሁ።

የቆየ ፋይል ያላችሁ እዚህ ጋ ቆም በሉ። በድሮዎቹ የቪዥዋል ግዕዝና የፓወር ግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ብዙ ሰነድ በየመሥሪያ ቤቱ አለ። ዩኒኮድ፣ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ሥርዓት፣ የግዕዝን ፊደል ያስገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ፣ ፎንቶቹ በላቲን ፊደል ቦታ ላይ የአማርኛ ቅርጽ እያስቀመጡ ነበር የሚሠሩት። ፎንቱ ያለበት ኮምፒውተር ላይ አማርኛ ይመስላል፣ ኦንላይን ሲገባ ግን ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ይሆናል። ማወቂያው ቀላል ነው። አንድ መስመር ኮፒ አድርጋችሁ ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ላኩት። አማርኛ ሆኖ ከታየ ሰላም ነው። ዝብርቅርቅ ካለ ወደ ዩኒኮድ በሚለውጥ ፕሮግራም ማሳለፍ አለባችሁ፣ ከዚያም ከዋናው ጋር እያስተያዩ ማንበብ። የትኛውም ኦንላይን መጻፊያ ይህን አያድናችሁም፤ በመጻፊያው አትናደዱ።

ኔትወርክና መብራት ሲጠፋስ? ጎግል ዶክስ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ግን አስቀድማችሁ ካዘጋጃችሁት ነው። በክሮም ወይም በኤጅ ኦፍላይን የሚለውን ማብራት አለባችሁ፣ ኢንተርኔት እያለ። ስልክ ላይ ደግሞ ፋይሉን ለይታችሁ ኦፍላይን እንዲገኝ ታደርጉታላችሁ። ኦንላይኑ ወርድ ኢንተርኔት ከሌለ አይሠራም፤ ዳታ በካርድ ለሚሞላ ሰው ይህ ብቻውን ሊወስን ይችላል። ቦታውንም አስቡ። የጎግል ነጻ 15 ጊጋባይት ለኢሜይል፣ ለድራይቭና ለፎቶ የጋራ ነው። ስልካችሁ የሠርግ ቪዲዮ ሁሉ ወደ ጎግል ፎቶስ እየጫነ ከሆነ አንድ ቀን ይሞላል፣ ከዚያ አዲስ ዶክመንት መፍጠር አይቻልም። ጽሑፍ ራሱ ብዙ ቦታ አይበላም። አንድ የጎግል ዶክስ ፋይል እስከ 1.02 ሚሊዮን ፊደልና ምልክት ይይዛል፣ የማንም ማስተርስ እዚያ አይደርስም።

ከሰው ጋር ለመጻፍ ከሆነ ጎግል ዶክስን የሚያህል አላየሁም። "የመጨረሻ"፣ "የመጨረሻ 2"፣ "የመጨረሻ እውነተኛው" የሚሉ ፋይሎች በፍላሽ ይዞ መዞር ይቀራል፤ የድሮው ቅጂ ሁሉ በታሪኩ ውስጥ አለ፣ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ታወጡታላችሁ። አማካሪያችሁን "ሀሳብ ማቅረቢያ" በሚለው መንገድ እንዲያርሙ ለምኗቸው። በዶክኤክስ ስታወርዱት እርማቱ ወርድ ውስጥ እንደ ትራክ ቼንጅ፣ ምኑ እንደተለወጠ ምልክት ተደርጎበት፣ ይታያል። ሊንክ ስትሰጡ ግን "ሊንኩ ያለው ሁሉ ማረም ይችላል" የሚለውን ለቴሌግራም ግሩፕ አትልቀቁ። አንድ ሰው በጣቱ ሳያውቅ ገጽ ያጠፋል።

ወርድን የምመርጠው አንድ ጊዜ ነው፤ ተቀባዩ ወርድ ብቻ ሲያውቅና ጽሑፉ በሠንጠረዥና በግርጌ ማስታወሻ የታጨቀ ሲሆን። ከጎግል ወጥቶ ወርድ ውስጥ የሚገባ ሠንጠረዥ አልፎ አልፎ ይሰበራል። ከመጀመሪያው ወርድ ውስጥ ከሆነ ይህ ጣጣ የለም።

የክስ ጽሑፍ፣ የፍቺ ጉዳይ፣ የሕክምና ወረቀት ለሚጽፍ ደግሞ ክሪፕትፓድና ፕሮቶን ዶክስ አሉ። ሁለቱም የጻፋችሁትን ቆልፈው ስለሚያስቀምጡ አገልግሎት ሰጪው ራሱ አያነበውም። ዋጋው ግልጽ ነው። የክሪፕትፓድ ፓስወርድ ከጠፋባችሁ ማንም መልሶ አይሰጣችሁም፣ ጽሑፉም አብሮ ይሄዳል። ፓስወርድ በየጊዜው የምትረሱ ከሆነ ይቅርባችሁ።

ወደ እኔ ወይም ወደ የትኛውም ህትመት ቤት ስትመጡ ፒዲኤፍ ይዛችሁ ኑ፣ ከዶክኤክሱ ጋር። ፒዲኤፍ ፎንቱን አብሮ ይዞ ስለሚመጣ እናንተ ያያችሁትን አትማለሁ። ዶክኤክሱ ፊደል ስህተት ከተገኘ ለማረም ነው። ፍላሽ አያስፈልግም፣ በቴሌግራም ላኩት። የግድ አካውንታችሁን ሱቁ ኮምፒውተር ላይ መክፈት ካለባችሁ በኢንኮግኒቶ (ሲዘጋ አካውንቱን በማያስቀር) መስኮት ክፈቱት፣ ስትጨርሱም ዝጉት። ጠዋት ኮምፒውተር ስከፍት የማላውቀው ሰው ጂሜይል ተዘርግቶ አገኛለሁ። እኔ ዘግቼላችሁ አልፋለሁ፤ ቀጥሎ የሚቀመጠው ደንበኛ ግን ማን እንደሆነ አላውቅም። እና አካውንታችሁ ላይ የተመዘገበው ስልክ ቁጥር ዛሬ በእጃችሁ ያለው ሲም መሆኑን ሳታዩ ከቤት አትውጡ፤ ማረጋገጫ ኮዱ የሚላከው እዚያ ነው።