ተመሳሳይ የንግድ ስም ሲያወጡ የሚፈጸሙ ስህተቶች

ቡሬ ላይ ዱቄት ፋብሪካ ወይም ደብረ ማርቆስ ላይ ሆቴል ለመክፈት ያሰበ ሰው ብድሩንና ቦታውን ሲያጠና ይከርማል፤ ስሙን ግን በአንድ ምሽት ይወስናል። ጣጣው የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

ትልቁ ስህተት የንግድ ስምን ከንግድ ምልክት ጋር ማምታታት ነው። የንግድ ስም የሚመዘገበው በአዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት በንግድ ጽሕፈት ቤት ነው። የንግድ ምልክት፣ ማለትም አንዱን ዕቃ ወይም አገልግሎት ከሌላው የሚለየው ስም ወይም ሥዕል፣ ግን በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ይመዘገባል። ስለዚህ ፈቃድዎ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎም በምልክት ጥሰት ሊከሰሱ ይችላሉ። «የምልክቱ ባለቤት አዲስ አበባ ነው፣ እኔ ሞጣ ነኝ» ማለትም አያድንም፤ ጥበቃው አገር አቀፍ ነው።

ሁለተኛው፣ ፊደል ቀይሮ ማለፍ ይቻላል ብሎ ማሰብ ነው። አንድ ድርጅት «ፀሐይ» የሚል ምልክት ለዱቄት አስመዝግቧል እንበል። እርስዎ «ጸሃይ» ብለው፣ በዚያው ቢጫ ቀለም ከረጢት ላይ አሳተሙ። እናት ልጇን «ፀሐይ ዱቄት ግዛ» ብላ ሱቅ ብትልከው የትኛውን ይዞ ይመጣል? ሕጉም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፦ መመሳሰሉ ሕዝቡን ያሳስታል ወይ? «አዲስ» ወይም «ቁጥር 2» ብሎ መጨመርማ ይብሳል፤ ቅርንጫፍ ያስመስላል።

ዘርፉ ከተለየ ችግር የለም ማለት ደግሞ ግማሽ እውነት ነው። ምልክት የሚመዘገበው ለተለዩ ዕቃዎችና አገልግሎቶች ነው፤ በዓለም አቀፉ ምደባ ከ45ቱ ክፍሎች ዱቄት በ30ኛው፣ የሆቴል አገልግሎት በ43ኛው ይገኛሉ። የዱቄቱን ስም ለጋራዥ ቢያወጡት ማንም ላይደናገር ይችላል። ዳቦ ቤት ቢከፍቱበት ግን ደንበኛው የፋብሪካው ነው ብሎ ይገባል። የምልክቱ አዋጅ፣ አጠቃቀሙ ሕዝቡን የሚያሳስት ከሆነ፣ ምልክቱን ላልተመዘገበበት ዕቃና አገልግሎትም መጠቀምን ይከለክላል።

«ዓባይ ወንዝና ጮቄ ተራራ የሁላችን ናቸው» እያሉ በእነዚህ ስሞች የተሠራ የሌላ ሰው ምልክት የሚቀዱ አሉ። ማርዎ ከጮቄ መምጣቱን በሐቅ መጻፍ አንድ ነገር ነው፤ የሌላውን ሥዕል፣ የፊደል ቅርጽና ቀለም መቅዳት ግን ሌላ።

በጣም የሚያሳዝነኝ «ስሙን ቀድሜ የጀመርሁት እኔ ነኝ» ብሎ ምዝገባን ችላ የሚለው ነጋዴ ነው። በአዋጁ የምልክት ባለቤትነት የሚገኘው በምዝገባ ነው፤ ምዝገባው ለ7 ዓመት ይጸናል፣ ይታደሳልም። ላቡን ያፈሰሰበትን ስም ሌላ ሰው አስመዝግቦት ታፔላ አውርድ ሲባል ማየት ያማል።

ከምልክቱ ባለቤት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሲደርስ መሳቢያ ውስጥ መክተትም ከባድ ስህተት ነው። ሆን ብሎ የጣሰ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል፤ ደብዳቤውን ከተቀበሉ በኋላ ደግሞ «አላወቅሁም» ማለት ያስቸግራል። አዲስ ከረጢት ማሳተሙን ያቁሙና በዚያው ሳምንት ጠበቃ ያማክሩ።