አዲስ አበባ ለተወለደ ሕፃን የአሜሪካ ፓስፖርት

ከወላጆች አንዱ አሜሪካዊ ሆኖ ልጁ አዲስ አበባ ከተወለደ፣ ጉዳዩ የሚጀምረው ከኤምባሲ ሳይሆን ከወረዳ ነው። የልደት ሰርተፊኬቱ ላይ በእንግሊዝኛ የሚጻፈውን ስም ፊደል በፊደል እዩት። አንዲት «ኤች» ብትዘለል እንኳ ማኅተም ሳይመታ አስተካክሉ። በኋላ ምልልሱ አይጣል ነው።

ትልቁ ራስ ምታት ግን ሌላ ነው። ባለትዳሮች ሆናችሁ አንዳችሁ ብቻ አሜሪካዊ ከሆናችሁ፣ አሜሪካዊው ወላጅ ልጁ ከመወለዱ በፊት በድምሩ 5 ዓመት አሜሪካ መኖሩን ማሳየት አለበት፤ ከዚያ ውስጥ 2ቱ ዕድሜው 14 ከሞላ በኋላ። የአሜሪካ ፓስፖርት መያዝ ብቻ ይህን አያሳይም። የትምህርት ቤት ትራንስክሪፕት፣ የግብር ወረቀት፣ ማኅተም ያለባቸው የድሮ ፓስፖርቶች ሰብስቡ። ወረቀቱ ሜሪላንድ ዘመድ ቤት ካርቶን ውስጥ ከሆነ፣ ገና በእርግዝናው ጊዜ አስፈልጉት።

ለፎቶው ሕፃኑን ነጭ አንሶላ ላይ አስተኝታችሁ ከላይ አንሱት፤ የማንም እጅ አይታይ። የኤምባሲው ቀጠሮ ላይ ሁለታችሁም ተገኙ፤ የቀረ ካለ ፈቃዱን በኖተሪ ያስይዝ። ፓስፖርቱ የሚያገለግለው 5 ዓመት ነው።

ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት እንደማትፈቅድም አትርሱ። በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት፣ ልጁ 18 ዓመት ከሞላው በኋላ በ1 ዓመት ውስጥ ሌላውን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን መምረጡን ካላሳወቀ፣ ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል።