ኦቲዝም ላለበት ልጅ የቨርቹዋል ሪያሊቲ ልምምድ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ልጄ 11 ዓመቱ ነው። ኦቲዝም እንዳለበት የተነገረን በ4 ዓመቱ ነበር። የምንኖረው በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ሲሆን፣ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ከንግግር ሕክምናው ጎን ለጎን በቨርቹዋል ሪያሊቲ፣ ማለትም ዓይን በሚሸፍን መነጽር በሚታይ ምናባዊ ዓለም ውስጥ፣ ማኅበራዊ ክህሎት ይለማመዳል። መነጽሩን ሲያጠልቅ ራሱን ሱቅ ውስጥ ወይም አውቶቡስ ላይ ያገኘዋል። በኮምፒውተር የተሠሩ ሰዎች ያናግሩታል፤ ይመልሳል፤ ቢሳሳት እንደገና ይጀምራል። የሚስቅበት የለም፤ ተሰላችቶ ፊቱን የሚያዞርበትም የለም። ለእንደ እርሱ ዓይነት ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ብዙ ተሳስተናል፤ የማውቃቸው ወላጆችም እነዚያኑ ስህተቶች ሲደግሙ አያለሁና ልናገር።

መነጽሩን በድንገት ማጥለቅ

በብዛት የሚሸጡት መነጽሮች ግማሽ ኪሎ ያህል ይመዝናሉ። ግንባር ይጫናሉ፣ ማሰሪያቸው ፀጉር ይይዛል፣ ውስጣቸው ይሞቃል። አዲስ ልብስ ሲገዛለት ከአንገቱ ሥር የተሰፋችውን ትንሽ ጨርቅ ቆርጬ ካላወጣሁለት የማይለብስ ልጅ ይህን ዕቃ ፊቱ ላይ ሲያስሩበት ምን እንደሚሰማው አስቡት። በመጀመሪያው ቀን የሚለማመድበት ማዕከል ሠራተኛ ከኋላው መጥታ አጠለቀችለት። ጮኸ፣ ወለሉ ላይ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ ያን ክፍል አልገባም አለ።

ተመልሶ የተቀበለው በቀስታ ነው። መነጽሩ ለአንድ ሳምንት ያህል ሳይበራ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። እኔ እያየኝ አጠለቅሁት። ቀጥሎ እርሱ ለአሻንጉሊት ድቡ አጠለቀለት። ከዚያ ማሰሪያው ሳይታሰር በሁለት እጁ ይዞ እስከ 10 እየቆጠረ ተመለከተበት። ማሰሪያው የታሰረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ዶሮቲ ስትሪክላንድና ባልደረቦቿ በአሜሪካ ኦቲዝም ካለባቸው ሁለት ልጆች ጋር ያደረጉትን ሙከራ ሲያሳትሙ፣ የዚያ ዘመን የራስ ቁር ከዛሬው እጅግ የከበደ ነበር። ልጆቹ ግን ተቀብለውት በምናባዊው መንገድ ላይ መኪና መለየትን ተለማምደዋል። ስለዚህ ልጁ እምቢ ሲል «መሣሪያው አይሆነውም» ብሎ ከመደምደም በፊት እንዴት እንደቀረበለት መጠየቅ ይሻላል።

ዕድሜውንና ጤናውን ሳያጣሩ መጀመር

የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ ለክዌስት መነጽሩ አስቀምጦት የነበረውን የ13 ዓመት ዝቅተኛ ዕድሜ እ.ኤ.አ. በ2023 በወላጅ በሚተዳደር መለያ ወደ 10 ዓመት ዝቅ አድርጎታል። ሶኒ ደግሞ ለፕሌይስቴሽን መነጽሩ 12 ዓመት ይላል። የልጅ ሁለት ዓይኖች ከአዋቂ ይልቅ ይቀራረባሉ፤ መስታወቶቹ ግን የተራራቁት ለአዋቂ በሚስማማ ልክ ነው። ምስሉ ካልጠራለት ልጁ ራሱን ያመዋል፣ ዓይኑም ይደክማል።

ከሁሉም በላይ የሚጥል በሽታን አትርሱ። ኦቲዝም ባለባቸው ሰዎች ላይ ከሌላው በበለጠ ይታያል፤ ብልጭ ድርግም የሚል ምስል ደግሞ በአንዳንዶች ላይ ሊቀሰቅሰው ይችላል። ሐኪም ሳይጠየቅ አይጀመር። ዓይን «እየሄድኩ ነው» ሲል የውስጥ ጆሮ «ቆሜአለሁ» ስለሚል ማቅለሽለሽም ይመጣል። አፉን ያልፈታ ልጅ «አቅለሸለሸኝ» አይልም። ፊቱ ሲገረጣ፣ ሲያልበው ወይም ደጋግሞ ሲያዛጋ ወዲያው አውልቁለት። እኛ የጀመርነው በ5 ደቂቃ ነው።

መነጽሩ የግድ እንዳልሆነም ማወቅ ደግ ነው። የእንግሊዙ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበት ሰማያዊ ክፍል ግድግዳው ላይ ዙሪያውን ምስል የሚታይበት ነው፤ ልጁ ራሱ ላይ ምንም ሳያጠልቅ ባለሙያው አጠገቡ ይቆማል።

ልጁን ከመሣሪያው ጋር ብቻውን መተው

ይህን የምለው ድካሙን ስለማውቅ ነው። ልጁ ጸጥ ብሎ ሲቀመጥ እናት ቡና ለማፍላት ጊዜ ታገኛለች። ዳሩ ግን ሥራው ያለው ከመሣሪያው ይልቅ አብሮት ባለው ሰው ላይ ነው። በቴክሳስ ዳላስ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት ከ7 እስከ 16 ዓመት የሆናቸውን 30 ልጆች በ5 ሳምንታት ለ10 ክፍለ ጊዜያት አሠልጥኗል። በምናባዊው ዓለም ልጆቹን ያነጋገሯቸው ገጸ ባሕርያት ከጀርባቸው እውነተኛ ሰዎች ነበሩ፤ ባለሙያም እየተከታተለ ያርማቸው ነበር። ፍሎሪዮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ መሣሪያም ልጁ የሚያየውን አዋቂው በታብሌት እያየ እንዲመራው ተደርጎ የተሠራ ነው። የሚሸጥላችሁ ፕሮግራም አዋቂ የሚገባበት በር ከሌለው ጨዋታ ነው፤ ጨዋታ መሆኑ ክፋት የለውም፣ በሕክምና ስም ግን ገንዘብ አትክፈሉበት።

«ጓደኛ ይያዝልኝ» ብሎ መነሣት

የእኔም ምኞት ይኸው ነበር። ለልምምድ ግን አይያዝም፣ አይጨበጥም። ኒውካስሎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት ኦቲዝም ያለባቸው 9 ወንዶች ልጆች እያንዳንዳቸው አንድ የተለየ ፍርሃት ይዘው ገቡ። የተሠራላቸው ትዕይንትም ለዚያ ፍርሃት ብቻ ነበር። 8ቱ የሚፈሩትን ነገር መጋፈጥ ቻሉ፤ 4ቱ ፍርሃቱ ጨርሶ ለቀቃቸው። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ የዳላሱም ጥናት ከጎኑ የሚነጻጸርበት ቡድን አልነበረውም። ስለዚህ ማንም ሰው «ይህ መነጽር ይፈውሳል» ቢላችሁ አትመኑ፤ ሌላውንም ሕክምና አታቋርጡ። አንድ ነገር ምረጡ፦ ሰልፍ መያዝ፣ ዕቃ ከፍሎ መውሰድ፣ «እረፍት እፈልጋለሁ» ማለት። እኛ የመረጥነው እንጀራ መግዛትን ነው፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

ዓይን ለዓይን መተያየትን ዋና ግብ ማድረግ

በዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ እኛን ሐበሾችን ይበልጥ ይነካናልና። ብዙ ፕሮግራሞች ልጁ የገጸ ባሕርዩን ዓይን ባየ ቁጥር ነጥብ ይሰጣሉ። ልጄ ነጥቡን ይወድ ነበር። ዓይን ማየት ግን ያደክመዋል፤ ሲያይ የሚባለውን አይሰማም፣ ሲሰማ ደግሞ አያይም። ነጥብ በሰበሰበበት ቀን ማታ ብዙ ጊዜ ሲያለቅስ እናገኘው ነበር። ይህን ከልምምዱ ጋር ለማያያዝ ሳምንታት ፈጀብን፤ እስከ ዛሬ ይጸጽተኛል።

ደግሞስ የማን ጨዋነት ነው? እኔ ያደግሁት በታላቅ ፊት አንገት ደፍቶ መቆም ክብር በሆነበት ቤት ነው። አያቴ ፊት ዓይኔን ባፈጥ ኖሮ «ዓይን አውጣ» እባል ነበር። በቤተ ክርስቲያን የሚያገኛቸው አዛውንቶችም ከልጄ የሚጠብቁት ብድግ ብሎ ሰላምታ መስጠትን ነው። አሜሪካዊ ፕሮግራም ጎድሎታል ብሎ የሚቆጥርበት ነገር በእኛ ዘንድ ትሕትና ነው። የሕክምና ባለሙያዋን ይህን ስነግራት ነጥቡን አጠፋችው፤ በምትኩ ፊቱን ወደሚናገረው ሰው አቅጣጫ ማዞር ብቻ በቂ ሆነ።

ራሱም ኦቲዝም ያለበት እንግሊዛዊው ምሁር ዴሚየን ሚልተን እ.ኤ.አ. በ2012 እንደጻፈው፣ አለመግባባቱ ያለው በሁለቱም ወገን ነው፤ ሌላውም ሰው ኦቲዝም ያለበትን ሰው መረዳት ያቅተዋል። ልጁን ብቻ ስናርም የኖርነው ግማሹን ሥራ ትተን ነው።

መሣሪያው ከሌለ ሁሉም ቀረ ብሎ ማሰብ

አዲስ አበባ ያለች እኅቴ «እኛ ይህን ከየት እናመጣለን?» ብላ ስትጠይቀኝ አዘንኩ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ ራሳቸው የኦቲዝም ልጅ እናት ሆነው እ.ኤ.አ. በ2002 የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ መነጽር አልነበራቸውም። ወንበሮችን እንደ ታክሲ ደርድሮ ሒሳብ መክፈልንና «ወራጅ አለ» ማለትን መለማመድ ይቻላል። ልጁ ነገ የሚሄድበትን ሱቅ ዛሬ በስልክ ቀርጾ ደጋግሞ ማሳየትም ያው ልምምድ ነው።

መነጽሩ ላይ ማቆም

ልጄ በምናባዊው ሱቅ ውስጥ ዕቃ መግዛትን ያለ ስህተት ቻለ። ደስ ብሎኝ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ኢትዮጵያውያን ሱቅ ወሰድኩት። በሩን እንደከፈትን የሚቆላ ቡና ሽታ፣ መዝሙር፣ የሰው ግርግር ተቀበለን። ባለ ሱቋ ገና ስታየው በአንድ ትንፋሽ «እንዴት ነህ? ደህና ነህ? ትምህርት እንዴት ነው? እኅትህስ? አደግህ እኮ!» አለችው። ገጸ ባሕርይዋ የምትጠይቀው በእንግሊዝኛ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ፣ መልሱን እየጠበቀች ነበር። የእኛ ሰላምታ ግን ጥያቄ በጥያቄ ላይ የሚደራረብበት ነው። ልጄ ጆሮውን ይዞ ወደ መኪናው ሮጠ።

የተሳሳትሁት እኔ ነኝ። ልምምዱንና ሕይወቱን የሚያገናኝ ድልድይ አልሠራሁለትም። ስለዚህ ባለ ሱቋን ብቻዋን አገኘኋትና ነገርኋት። ሰው የማይበዛበትን ማክሰኞ ጠዋት መረጥን። መዝሙሩን ዝቅ ልታደርገው፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቃው ልትጠብቅ ቃል ገባች። እኔም የሱቁን መደርደሪያ በስልኬ ቀርጬ ለሦስት ቀን አሳየሁት፤ በአማርኛም ተለማመድን።

ማክሰኞ ዕለት እንጀራውን አንሥቶ ወደ ሒሳብ መክፈያው ሄደ። «ደህና ነህ?» አለችው። ዝም አለ። እኔ ልመልስለት አፌን ስከፍት እጇን አንሥታ አስቆመችኝ። ጣቶቹ የፕላስቲኩን ጠርዝ ሲያሻሹ ይሰማኛል። ከዚያ እንጀራውን እያየ፣ ፊቱን ግን ወደ እርሷ መለስ አድርጎ «ደህና ነኝ። አንቺስ?» አላት።

«እኔም ደህና ነኝ» አለችው፤ ሌላ ምንም ሳትጨምር ሒሳቡን ተቀበለችው።