ተመላሽ መጻሕፍትን በወረርሽኝ ጊዜ እንዴት እንያዝ?

ቤተ መጻሕፍት ለምትሠሩም ሆነ በሰፈር መጽሐፍ ለምትዋዋሱ፦ ኮሮናን የመሰለ ወረርሽኝ ሲመጣ ተመላሽ መጽሐፍ ላይ አልኮልም በረኪናም አትርጩ። እርጥበቱ ገጹን ያጨማድደዋል፤ በረኪና ደግሞ ቀለሙን ያነጣዋል። ማይክሮዌቭ ውስጥማ ጭራሽ! በ2020 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ሚሺጋን ውስጥ እንዲህ የተደረገ መጽሐፍ ተቃጥሏል፤ የቤተ መጻሕፍቱ መለያ (መጽሐፉ ላይ የሚለጠፈው) ብረት ስላለበት።

የሚያዋጣው መጽሐፉን ለሌላ ሰው ሳያውሱ ለጥቂት ቀናት ማቆየት ነው። መላሹ ራሱ ካርቶን ውስጥ ያስቀምጠው፤ ካርቶኑ ላይ የገባበትን ቀን በማርከር ጻፉ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት አቀማመጡ ላይ ነው። በዚያው ዓመት ሪልም የተባለው የአሜሪካ ፕሮጀክት ሲፈትሽ፣ ለየብቻ በተቀመጡ መጻሕፍት ላይ ቫይረሱ ከ3 ቀን በኋላ አልታየም። ተደራርበው በቆዩት ላይ ግን በ6ኛውም ቀን ተገኝቷል፤ በሽፋንና በሽፋን መሃል ቶሎ አይጠፋምና። ስለዚህ ሲመሽ ከካርቶኑ አውጥታችሁ ጠረጴዛ ላይ ሳይነካኩ ዘርጓቸው፣ ከዚያም እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

መዝገብ ላይ የመመለሻው ቀን ካርቶን የገባበት እንጂ መደርደሪያ የወጣበት አይሁን። አለበለዚያ አንባቢው ባላጠፋው ይቀጣል፤ ይህ በጣም ያሳዝናል።

ቦታ ከሌላችሁ ግን ማዋሱን አታቁሙ። በ2021 የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ኮሮና በዕቃ ንክኪ የሚተላለፍበት ዕድል አነስተኛ መሆኑን ገልጿል። ዋናው መንገድ አየር ነው። የንባብ ክበባችሁን ከአዳራሽ ይልቅ ግቢ ውስጥ፣ ዛፍ ጥላ ሥር አድርጉት፤ ጮክ ብሎ የሚያነበው ሰው ማስክ ያድርግ፣ ከሌሎቹም ራቅ ይበል።