ብርድ ሲገባ ጓሮንና ነዋሪዎቹን መንከባከብ

የብርድ ወራት ስል የዝናቡን ክረምት ሳይሆን ሌሊቱ ረዝሞ ውርጭ የሚወርድበትን፣ ሲብስም ውሃ በረዶ ሆኖ የሚጋገርበትን ጊዜ ማለቴ ነው። በዚህ ወቅት መባቻ አብዛኛው ሰው መጥረጊያና መቀስ ይዞ ይነሣል፤ የደረቀውን አገዳ ሁሉ ከሥሩ ይቆርጣል፤ የረገፈውን ቅጠል አንድ ሳያስቀር ጠርጎ ያቃጥላል። እኔም ለብዙ ዓመት የማደርገው ይህንኑ ነበር። አንድ ቀን ግን ለእሳት ካሰርኩት ነዶ አንዱን አገዳ ስሰብረው፣ ክፍት በሆነው ውስጡ ጀርባቸው ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት ሰባት ቀያይ ጥንዚዛዎች እግራቸውን ሰብስበው፣ እርስ በርስ ተለጣጥፈው ተኝተው አገኘሁ። የጽጌረዳዬን እንቡጥ የሚመጠውን ክሽክሽ በየዓመቱ የሚበሉልኝ እነዚሁ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በብርድ ወራት አስቀድሜ የምጠይቀው ምን ልሥራ ብዬ ሳይሆን የቱን ልተወው ብዬ ነው።

ስለዚህ የደረቁ አገዳዎችንና ዘር የቋጠሩ የአበባ ራሶችን በቆሙበት ይተዉአቸው። ውስጡ ባዶ የሆነ አገዳ በቀፎ ለማይኖሩና ለየብቻቸው ጎጆ ለሚሠሩ የዱር ንቦች ልጆች ማደሪያ ነው። እንደ ሱፍ ያሉት አበቦች ዘር ለወፎች ቀለብ ይሆናል፤ ቆሞ የሚቀረው አገዳም የወደቀውን ቅጠል አግዶ ስለሚያስቀር በመጪው ወቅት የሚያቆጠቁጠውን ሥር ከውርጭ ይከልለዋል። ጓሮው ለጊዜው የተተወ ቢመስልም ግድ የለም።

የረገፈ ቅጠል ግን በያለበት ይቅር ማለት አይደለም። በሣር ላይ ወፍሮ ከተኛ ብርሃን ከልክሎ ሣሩን ያገረጣዋል፤ በመተላለፊያ ላይ ከቀረ ደግሞ ያዳልጣል። ከእነዚህ ቦታዎች ሰብስበው ከቁጥቋጦ ሥር ወይም ነፋስ በማይደርስበት ጥግ ይከምሩት፤ ሁለት ሦስት የበሰበሱ ጉማጆችም ይጨምሩበት። ጉርጦች፣ ሸረሪቶች፣ ገና ክንፍ ያላወጡ ቢራቢሮዎችና የእሳት እራቶች ብርዱን የሚያሳልፉት በእንዲህ ያለው ክምር ውስጥ ነው፤ የምድር ትሎችም ከታች እየሳቡ ወደ አፈር ይለውጡታል። ከዚህ ደንብ ውጭ የሚሆነው የታመመ ቅጠል ነው። ጥቁር ነጥብ የያዘው የጽጌረዳ ቅጠልና እከክ የመሰለ ቁስል የወጣበት የፖም ቅጠል በሽታውን ያመጣውን ፈንገስ ይዘው ስለሚከርሙ፣ ተለቅመው ከጓሮው መውጣት አለባቸው። ለማቃጠል የተከመረ ቅርንጫፍ ካለ ደግሞ እሳት በሚለኮስበት በዚያው ቀን አንድ በአንድ እያነሡ ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ያስፈልጋል፤ ሰንብቶ የቆየ ክምር ውስጡ እንቅልፍ የያዘው እንስሳ አያጣምና። ኮምፖስት በመንሽ ሲገለበጥም ጥንቃቄው ያው ነው።

ወደ ውርጩ ስንመጣ፣ የሚበረታው ሰማዩ ጥርት ባለበት፣ ነፋስም በሌለበት ሌሊት ነው፤ ደመና ካለ ምድር የምትለቀውን ሙቀት በከፊል መልሶ ያስቀረዋል። ቀዝቃዛ አየር ከሞቃቱ ስለሚከብድ እንደ ውሃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል። ከተዳፋት ግርጌ ያለ መደብ ከሌላው ይልቅ የሚጠቃው በዚህ ምክንያት ስለሆነ፣ ብርድ የማይችሉ ተክሎችን ከዚያ ማራቅ ከየትኛውም መሸፈኛ ይበልጣል። መሸፈን ግድ ሲሆን ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ስስ ጨርቅ በእንጨት ላይ ወጥረው ጫፉ መሬት እስኪነካ ድረስ ይልቀቁት፤ ተክሉን የሚያሞቀው ከአፈሩ የሚወጣው ሙቀት በመሆኑ፣ ጨርቁን ከግንዱ ጋር ጠቅልሎ ማሰር ያን ሙቀት በውጭ ማስቀረት ነው። ላስቲክ ቅጠሉን ከነካ የነካውን ያህል ስለሚያቃጥለው አይመረጥም። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ መሸፈኛው ይነሣ።

አፈሩ ደረቅ ከሆነ ውርጭ ከሚጠበቅበት ሌሊት በፊት በቀን መጠነኛ ውሃ ያጠጡ፤ እርጥብ አፈር ከደረቅ አፈር ይልቅ ሙቀት ያከማቻል። ቅጠላቸው የማይረግፍ ተክሎች በብርድ ወራት የሚሞቱት ብዙ ጊዜ በውሃ ጥም ነው፤ በቅጠላቸው እርጥበት እየተነነ ሳለ ሥራቸው ከተጋገረ መሬት መጠጣት አይችልም። በሥራቸው ዙሪያ ከ5 እስከ 8 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ጉዝጓዝ ቢለብስ ይህን ጉዳት ይቀንሰዋል፤ ሆኖም ግንዱን እንዳያበሰብሰውና ቅርፊቱን ለሚግጡ አይጦች መደበቂያ እንዳይሆን አንድ መዳፍ ያህል ከግንዱ ይራቅ። የበረታ ብርድ ሊመጣ ሲል ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ መስጠት ደግሞ ትርፉ ለውርጭ የሚሆን ለጋ ቅጠል ማብቀል ብቻ ነው።

በማሰሮ የተተከለው ከመሬቱ ተክል ቀድሞ ይበርደዋል፤ ሥሩን በዙሪያው የሚከልለው አፈር ጥቂት ነውና። ማሰሮዎቹን በቤቱ ግድግዳ ሥር አጠጋግተው፣ ከሥራቸው ድንጋይ አስገብተው ውሃው እንዲንጠፈጠፍ ያድርጉ። ውሃ ሲጋገር መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ የረጠበ የሸክላ ማሰሮም ውሃ በውስጡ የቀረበት የማጠጫ ጎማና ቧንቧም ይሰነጠቃሉ፤ የውጭውን ቧንቧ ዘግቶ ማንጠፍጠፍ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ግረዛን በተመለከተ፣ የፖምና የፒር ዛፎች ቅጠላቸው ረግፎ እንቅልፍ ላይ ሳሉ ቢገረዙ ይስማማቸዋል። እንደ ፕለምና ቼሪ ያሉት ግን በእርጥብ ብርድ ጊዜ በቁስላቸው በኩል የፈንገስ በሽታ ስለሚገባባቸው የሞቃቱን ወቅት መጠበቅ አለባቸው። በብርዱ ማብቂያ የሚያብብ ቁጥቋጦም እንቡጡን አስቀድሞ የቋጠረ ስለሆነ አሁን መቁረጥ አበባውን መቁረጥ ነው። በውርጭ የጠቆረ ጫፍ ለዓይን ባያምርም ከሥሩ ያለውን ጤነኛ ክፍል ስለሚከልል ብርዱ እስኪያልፍ አይነካ። ሌላው አይነኬ ውርጭ የያዘው ሣር ነው፤ የረገጡት እንደሆነ የቅጠሉ ሕዋሳት ስለሚሰባበሩ ከቀናት በኋላ የእግርዎ ዱካ ቡናማ ሆኖ ይታያል።

ከነዋሪዎቹ ሁሉ እርዳታዎን ፈጥነው የሚያውቁት ወፎች ናቸው። ትንሽ ወፍ ረጅሙን ቀዝቃዛ ሌሊት የምታልፈው ቀን ያጠራቀመችውን ስብ እያቃጠለች በመሆኑ፣ ምግቡ ይበልጥ የሚጠቅማት ማለዳ እንደነቃችና ሊመሽ ሲል ነው። የሱፍ ዘር፣ ጨው ያልነካው ለውዝና ጨው የሌለው የከብት ሞራ ጥሩ ኃይል ይሰጣሉ። ዳቦ ሆድ ከመሙላት በቀር እምብዛም አይጠቅምም፤ ጨው ያለበት ትራፊ ደግሞ ይጎዳቸዋል። ለውዝ በሽቦ ወንፊት ውስጥ ቢደረግ ወፎቹ እየቆነጠሩ ስለሚበሉት አያንቃቸውም። ብዙ ወፍ በአንድ ገበታ መሰብሰቡ በሽታ ያዛምታልና መመገቢያውን በየሳምንቱ በሙቅ ውሃ አጥበው ያድርቁት፤ ሻጋታ የያዘውን ይጣሉ። ላባውን ነፍቶ ሰው ሲቀርበው የማይበር ወፍ ካዩ ለጥቂት ሳምንታት ምግቡን ማቋረጥ ይሻላል፤ መጨከን ቢመስልም ሌሎቹን ከበሽታው የሚያድናቸው እንዲበታተኑ ማድረጉ ነው። መመገቢያውን ድመት በማትሸምቅበት ገላጣ ቦታ፣ ግን ወፎቹ በፍጥነት ሊሸሹበት ከሚችሉት ቁጥቋጦ ጥቂት ሜትሮች አርቀው ያስቀምጡት።

ውሃ ከምግብ እኩል ያስፈልጋል፤ ወፎች ብርድ ቢሆንም ላባቸው ሙቀት የሚይዘው ሲታጠቡ ነው። ጥልቀቱ ከ5 ሴንቲሜትር የማይበልጥ ሳህን ጠዋት ጠዋት ይሙሉላቸው። እንዳይጋገር በሚል ጨው ወይም የመኪና ፀረ በረዶ ፈሳሽ መጨመር መርዝ ማጠጣት ነው። ለመተላለፊያ በረዶም ከጨው ይልቅ አሸዋ ይበተን፤ ቀልጦ ወደ መደብ የሚገባ ጨው ሥር ያደርቃል።

ኩሬ ካለ ገጹ ሲጋገር አይደንግጡ። ውሃ እጅግ የሚከብደው በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሆነ፣ በረዶው ከላይ ሲሠራ ከታች ያለው ውሃ ለዓሣና ለእንቁራሪት የሚበቃ ሙቀት ይዞ ይቆያል። አደጋው የታፈነው አየር ነው፤ በሥሩ የሚበሰብሰው ቅጠል የሚያወጣው ጋዝ መውጫ ያጣል። ቅጠሉን ብርዱ ሳይበረታ በመረብ ያውጡ። ከተጋገረ በኋላ በረዶውን በመዶሻ መምታት በውሃው ውስጥ ያሉትን ስለሚያናውጥ፣ ሙቅ ውሃ የያዘ ድስት በላዩ አስቀምጦ ቀዳዳ እስኪያበጅ መጠበቅ ይመረጣል።

ብርዱ ሲያልፍ የሚፈታተነው ችኮላ ነው። አንድ ሞቅ ያለ ቀን ታይቶ ሁሉ ከተጠረገ በአገዳና በቅጠል ውስጥ ያሉት ገና ሳይነቁ ይጣላሉ። የቀኑ ሙቀት ለተከታታይ ቀናት ከ10 ዲግሪ በላይ እስኪሆን ይጠብቁ፤ ከዚያም አገዳውን ሲቆርጡ ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ያስቀሩ፤ አዳዲስ ንቦች እንቁላላቸውን የሚጥሉት በዚያ ጉቶ ውስጥ ይሆናል። የተቆረጠውንም ወዲያው ከመፍጨት ይልቅ በጥግ በኩል ላላ አድርገው ያጋድሙት፤ ዘግይቶ የሚነቃው በራሱ ጊዜ ይወጣል።