ውርጭ በቀረበት ታኅሣሥ አውድማ ላይ እንዴት ይታደራል?

ታኅሣሥ በጎጃም ደጋ የውርጭ ወር ነው። ቢቸና ዙሪያ ያለው አገር ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነ ሰማዩ ጠርቶ ያደረ እንደሆነ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ይገኛል። አንዳንድ ዓመት ግን ውርጩ ይቀራል። ቀን ፀሐዩ ሹራብ ያስወልቃል፣ ማታም ደጅ ቢቀመጡ ጥርስ አያንገጫግጭም። ለገና ቢቸና ወዳለችበት ወረዳ፣ ወደ እነማይ ስገባ እንዲህ ያለ ሰሞን ከገጠመኝ ቤት ውስጥ አላድርም። የጤፉ ክምር ጠባቂ ይፈልጋል፣ እኔ ደግሞ ኮከብ ማየት ይናፍቀኛል።

መጀመሪያ ባለ አውድማውን አስፈቅዱ። ለወግ ያህል አይደለም። አንዴ ደስታዬን አይተው አጎቴ «ለአንተ ሙቀት፣ ለእኔ ደመና ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ በዚህ ወር ሌሊቱ የሚሞቀው አብዛኛውን ጊዜ ደመናው ከላይ ሲያለብሰው ነው፣ ደመና ካለ ደግሞ ዝናብ ይፈራል። በወጉ የተከመረ ነዶ ውኃውን ያንሸራትታል፤ ተወቅቶ መሬት ላይ ያለ ጤፍ ግን ከራሰ ይበቅላል፣ ይጠቁራል። ስለዚህ ሳይመሽ ምርቱን ሸራ በማልበስ አግዙ። ጫማችሁን አውልቃችሁ ግቡ። በእበት የተለቀለቀ አውድማ በቦቲ ከተረገጠ ይቀረፋል፣ አፈሩም ከጤፉ ይቀላቀላል። ያንን ጤፍ የምታበጥረው ሴት ምን እንደምትላችሁ እዚህ አልጽፈውም።

ለመኝታ ከወንዝ ዳርና ከጎድጓዳ ራቁ፤ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ሌሊት እንደ ውኃ ቁልቁል ወርዶ እዚያ ይተኛል። ከፍ ያለ ቦታ፣ ከጀርባ ነፋስ የሚከልል ክምር፣ በቃ።

አሁን ዋናው ነገር፣ መኝታው። በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ጋቢ ደርቤ፣ ከሥሬ አንድ ባዶ ማዳበሪያ አንጥፌ ተኛሁ። እስከ እኩለ ሌሊት ንጉሥ ነበርኩ። 9 ሰዓት ግድም ደመናው ተገፈፈ፣ ኮከቡ ሁሉ ወጣ፣ እኔም ነቃሁ። ደረቴ ይሞቃል፤ ወገቤ ግን የሰው ወገብ ሆኖብኛል። ለካ ብርዱ የሚመጣው ከሥር ነው! አንዱን ጋቢ አውርጄ ከሥሬ አነጠፍኩት፣ ምንም አልረዳኝም። ጋቢ የሚያሞቀው በክሩ መሃል አየር ስለሚይዝ ነው፤ ስትተኙበት ተጨፍልቆ አየሩ ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ ተራ ጨርቅ ነው። በማግሥቱ መንሽ ማንሳት አቃተኝ። የአጎቴ ልጆች እስከ ጥምቀት ሲስቁብኝ ከረሙ።

እንዲህ ነው የሚደረገው። የተወቃ የጤፍ ጭድ እስከ ጉልበት ድረስ ቆልሉ፤ ብዙ ይመስላል እንጂ ስትተኙበት ወደ ስንዝር ይወርዳል። ያልተወቃ ነዶ ላይ እንዳትተኙ፣ ፍሬው ይረግፋል። የገብስ ገለባም አይሁን፤ ጺሙ ልብስ ውስጥ ገብቶ ሲወጋ ያድራል። የጭዱን መሃል በጉልበታችሁ ተጭናችሁ እንደ ወፍ ጎጆ አጎድጉዱት፣ ዳርና ዳሩ ጎናችሁን ይይዛል። ከላዩ ቁርበት፣ ጠጉሩ ወደ ላይ። ጋቢውን ከእግራችሁ ሥር መልሳችሁ አስገቡ፣ ራሳችሁንም ተከናነቡ። ስሊፒንግ ባግ የምትሉ አላችሁ፤ አንድ ዓመት ተውሼ ሞክሬው ጤዛው ውጩን አርሶት ሳደርቀው ዋልኩ። ለእኔ ቁርበት ይሻለኛል።

እሳት ከፈለጋችሁ ከክምሩ ቢያንስ ሃምሳ እርምጃ ርቃችሁ፣ ነፋሱ ወደ ክምሩ በማይነፍስበት በኩል፣ ጉድጓድ ውስጥ አንድዱ። ኩበት ከእንጨት ይመረጣል፣ ብዙ አይፈናጠርም። ነፋስ ካለ ጭራሽ ይቅርባችሁ፤ የአንድ ቤተሰብ የዓመት እንጀራ ነው አጠገባችሁ ያለው። ከመተኛታችሁ በፊት ውኃ አፍስሳችሁ አፈር መልሱበት። አረቄ ያሞቃል የሚሏችሁንም አትስሙ። ደሙን ወደ ቆዳ አውጥቶ ሙቀታችሁን ለሌሊቱ ይበትነዋል፣ ንጋት ላይ ትከፍሉታላችሁ። ቆሎ ያዙ። ባትሪም።

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል አልፎ ፀሐይ ስትወጣ አትቸኩሉ። ጀርባችሁን ለክምሩ፣ ፊታችሁን ለፀሐይ ሰጥታችሁ ቁጭ በሉ፤ ጤዛው ከጭዱ ላይ እንደ እንፋሎት ሲነሳ ይታያል፣ ከየቤቱ የቡና ጭስ ይወጣል። እኔ የመጣሁት ለዚህች ግማሽ ሰዓት ነው። ከ4 ሰዓት በኋላ ግን ባርኔጣ አድርጉ፣ አየሩ ለስላሳ ነው ብላችሁ አትዘናጉ፣ የደጋ ፀሐይ አፍንጫ ይልጣል።

ከዚያ አጎቴ «ተነሳ እንግዲህ፣ በሬዎቹ ሊያበራዩ ነው» ይሉኛል። ቁርበቱን ጠቅልሉ፣ ጭዱ ውስጥ የወደቀ ላስቲክ ወይም ገመድ ካለ ልቀሙ። መኝታችሁን በሬዎቹ ይበሉታል።